ጅቡም ጦጣዋም ገና አልተነኩም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ማስተማር ትቻለሁ፣ ለልጆች የሚያስቅ የእንስሳት ጀብዱ መጻፍ ያምረኛል፣ ግን ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ያልተባለ ምን ቀረ? ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ ብዙ ቀርቷል። እኔም ደሴ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ የወጣሁ ነኝ፤ አሁን የምጽፈውም ይህንኑ ነው። ረዘም ይልብሻል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የተረቱን ጅብ ተዪውና እውነተኛውን እዪ። የተረቱ አያ ጅቦ ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ በመጨረሻም ይቀጣል። ልጆቹ ገና ስሙን ሲሰሙ መጨረሻውን ያውቁታል። እውነተኛው ጅብ ግን ሌላ ነው። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፣ በአካልም ከወንዱ ትገዝፋለች። ወንዱ ሲጎረምስ ከእናቱ መንጋ ወጥቶ ሌላ መንጋ ደጅ ይጠናል፤ እዚያም የሚጀምረው ከሁሉም በታች ሆኖ ነው። እስቲ አስቢው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ የሚያስፈራራ፣ ሲመለስ ግን ከመንጋው እመቤቶች ፊት ጭራውን ወትፎ ቁራጭ አጥንት የሚለምን አያ ጅቦ! ሌላም አለ። ጅብ አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ነጭ ይሆናል። እኔ ከዚህ ተነስቼ ጠመኔ ያለቀበትን ትምህርት ቤት ሊረዳ ስለተነሳ ደግ ጅብ ጻፍኩ። ልጆቹ ጅቡ ምን ይዞ እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለችው መምህርት ግን አታውቅም። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅ ከምንም በላይ የሚስቀው ባለታሪኩ የማያውቀውን እሱ ሲያውቅ ነው፣ ይህን ያዢልኝ።

ሽኮኮም አለልሽ። ሰውነቱን እንደ ሌሎች እንስሳት በደንብ ማሞቅ ስለማይችል ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ለደሴ ልጅ ይህን ማብራራት አያስፈልግም፤ ሰልፍ ሳይጀመር ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ሲሻማ ያደገ ነው። የበለጠው ጉድ ደግሞ ሽኮኮ በዘሩ የሚቀርበው ለጥንቸል ሳይሆን ለዝሆን መሆኑ ነው። «ዝሆን ዘመዴ ነው» እያለ በየመንደሩ የሚምል፣ ማንም የማያምነው ትንሽ ሽኮኮ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይሸከማል። ጭላዳ ዝንጀሮንም አትርሺ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር አይገኝም፣ ደግሞ ከመቀመጫው ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሣር የሚለቅም ነው። ፈጠራው ያንቺ ይሁን እንጂ የእንስሳው ጠባይ እውነት ይሁን። እውነቱ ራሱ ያስቃል።

ጀብዱውን ደግሞ ከሩቅ አታምጪው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያልሽ ስትወርጂ ጃኬት ይወልቃል። ይኸው መንገድ ከቤቱ ሸሽቶ ለሚወርድ አንድ ባለ ጸጉር የወሎ በግ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢ፣ ካፖርቱን ማውለቅ አይችል! ለምን ሸሸ? የወሎ በግ ነዋ። ፋሲካን ደብቀውት ተረፈ ሲባል አረፋ ይመጣል። አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ የበጉ ሒሳብ ሁልጊዜ ይሳሳታል። የኛ ቤት ልጅ አክስቱ ጋ አረፋን፣ አጎቱ ጋ ፋሲካን የሚበላ ነው፤ ይህን ታሪክ ከየትም አምጥተሽ ብትተረጉሚለት እንዲህ አይስቅም። ለዚህ ነው ራሳችን መጻፍ አለብን ብዬ የምከራከረው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የኛ የመምህራን ፈተና «ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚለው ነው። እባክሽ መጨረሻ ላይ ምክር አትለጥፊ። ልጁ አርባ ደቂቃ ሙሉ ተምሮ ነው የወጣው፣ መጽሐፉን የከፈተው ሊስቅ ነው። ጅቡ ደግ ከሆነ ደግነቱን አይቶታል፣ ድጋሚ አትንገሪው። ሳቁ ላይ አቁሚ። አንዳንድ ወላጅ «ትምህርቱ የታለ?» ይልሻል። እሱን አትፍሪው፣ ልጁ መጽሐፉን ደግሞ ደግሞ ሲያነብ ትምህርቱን ያየዋል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ይህን ያየ መምህር ሳቅን እንደ ትርፍ ነገር አይቆጥርም። ልጅ ፊደል ቆጥሮ ንባብ የሚለምደው በብዙ ማንበብ ነው፣ ብዙ የሚያነበው ደግሞ ሲጥመው ነው። ዓረፍተ ነገርሽ አጭር ይሁን። አንዱን ቃል በየገጹ መልሺው፣ ልጁ ሲደጋገምለት ይደፍራል። «ተረት ተረት» ስትዪ «የላም በረት» እንደሚመልሱት፣ መጽሐፍሽም ልጁ ጮኾ የሚመልሰው ቦታ ይኑረው።

ሳታሳትሚ ለልጆች አንብቢው፣ የራስሽ ልጆች ያልሆኑ ቢሆኑ ይመረጣል፣ የራስሽ ያዝኑልሻል። የሳቁበትን ብቻ ሳይሆን መስኮት ማየት የጀመሩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ያ ገጽ ይቆረጣል። ከዚያ ለአንድ ልጅ ስጪውና ለጓደኛው ጮክ ብሎ ያንብብለት፤ ምላሱ የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ያንቺ ሥራ ነው። ስምም ስታወጪ ተጠንቀቂ። አህያሽን ክፍል ውስጥ ባለ ልጅ ስም ከጠራሻት ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አህያ ሲባል ይከርማል፣ አስተምረሻል፣ ታውቂዋለሽ።

ስለ ኅትመቱ በአጭሩ። ሠዓሊው ግማሽ ደራሲ ነው፣ ስለዚህ ክፍያውንና የሥዕሉን መብት መጀመሪያ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለሁለታችሁም ይሠራል። ጽሑፍሽ ላይ «ጅቡ ደነገጠ» ካልሽ ሥዕሉ ያንኑ አይድገም፣ ሌላ የሚያስቅ ነገር ይጨምር። ገጹ 24 ወይም 32 ቢሆን ወረቀት አይባክንም፣ ማተሚያ ቤቱ ትልቁን ወረቀት አጥፎ ስለሚቆርጥ። ባለ ቀለም ኅትመት ውድ ነው፣ አቅም ካነሰሽ ሽፋኑ ብቻ ባለ ቀለም ይሁን፣ ውስጡን ልጆቹ ራሳቸው ይቀቡት፣ ይህንንም ይወዱታል።

ሽያጩን በተመለከተ መጻሕፍት መደብር ብቻ አትጠብቂ። የወላጆች ቀን ላይ ትምህርት ቤት ሄደሽ አንድ ገጽ አንብቢላቸው። ከዚያ በፊት ግን ላስተማርሽበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጥቂት ቅጂ በነፃ ስጪ። ልጆቹ ተሻምተው ካነበቡት በኋላ ወላጆቻቸውን የሚያስገዙት እነሱ ናቸው።