አባቴ ስቴንት ገብቶላቸዋል፤ ምን ላብላቸው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ በምግብ ቧንቧ ካንሰር ታመው መጀመሪያ እንጀራው፣ ኋላ ሾርባው፣ በመጨረሻ ውሃውም አልወርድ አላቸው። ሪፈር ተጽፎላቸው ባለፈው ሳምንት ስቴንት ገባላቸው። አሁን መዋጥ ጀምረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ዳኑ» ይላል። እሳቸው ግን ጾም ነው ብለው ወተት አልነካም አሉ። እውነት ድነዋል? ምን ላብላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃ እንቢ ያለው ሰው ዳግመኛ ሲጠጣ ማየት እንዴት እንደሚያስደስት ይገባኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ስቴንት ካንሰሩን አያድንም። ከቀጭን የብረት ሽቦ የተሠራ ቱቦ ነው፤ ታጥፎ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ ይገባና ዕጢው ያጠበበው ቦታ ላይ ራሱ ይከፈታል። ሙሉ በሙሉ እስኪሰፋ ከ1 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። በነዚያ ቀናት ደረታቸውን ያመማቸውም ለዚህ ነው፤ ሕመሙ ካለ አሁንም የታዘዘላቸውን ማስታገሻ አትከልክያቸው።

ጤነኛ የምግብ ቧንቧ ምግቡን እየጨመቀ ወደ ታች ይገፋል። ቱቦው ይህን አይችልም፤ ምግቡ የሚወርደው በክብደቱና ከላዩ በሚጠጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ በትንሽ በትንሹ ይብሉ፣ በደንብ ያላምጡ፣ በየመሃሉ ውሃ ይጎንጩ። አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ገንፎ፣ ሽሮ፣ የተፈጨ ድንች ጥሩ ነው። እንጀራ ካማራቸው ሐኪማቸው ሲፈቅድ፣ በወጥ በጣም ርሶ፣ በጥቂቱ። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና ሥጋ ይቅር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠያቂ ሁሉ «በሞቴ» እያለ እንዳያጎርሳቸው ተከላከዪላቸው። በፍቅር የተጠቀለለ ትልቅ ጉርሻ ቱቦውን ይዘጋዋል፣ ሰው ቅር ቢለውም ይለው።

ቱቦው ጨጓራ አፍ ድረስ ከወረደ አሲድ ወደ ላይ ይመጣል። ትራሳቸውን ከፍ አድርጊ፣ እንደበሉም አይተኙ።

ለጾሙ የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ትፈቅዳለች፣ ከአንቺ አፍ ይልቅ ከካህኑ ሲሰሙት ይቀበሉታል። እስከዚያው አጥሚቱ ውስጥ የለውዝ ቅቤ ጨምሪበት።

ምራቃቸው እንኳ አልወርድ ካለ፣ ደም ካስመለሱ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሲጠጡ ትን እያለ የሚያስላቸው ከሆነ ወይም ትኩሳትና ኃይለኛ የደረት ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ምግብ ነው፣ በኢንዶስኮፒ ይጸዳል። ዕጢው አድጎ ከዘጋውም ሌላ ስቴንት ሊደረብ ይችላል።