የትንፋሽ አፕ ሲያዞር

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ጭንቀቴ ሲነሳ የትንፋሽ ማለማመጃ አፕ እከፍታለሁ፤ ግን ያዞረኛል፣ ጣቶቼንም ይነዝረኛል። ኔትወርኩም መሃል ላይ ይቋረጣል። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ብዙ ጊዜ የሚያዞረው አየር አብዝቶ መሳብ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ከመጠን በላይ ሲወጣ ጣት ይነዝራል፣ ራስ ይቀላል። በአፍንጫዎ 4 ሰከንድ በዝግታ ያስገቡ፣ 6 ሰከንድ ያስወጡ፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ደረትዎ ሳይሆን ሆድዎ ይነሳ። «ትንፋሽዎን ይያዙ» የሚለውን ይዝለሉት። የአፑን የድምፅ ፋይል ዋይፋይ ባለበት ስልክዎ ላይ አውርደው በኤርፕሌን ሞድ ይክፈቱት፤ አለዚያ ቴሌግራሙ መሃል ላይ ጢን ይላል! የማይወርድ ከሆነ የስልክዎ ሰዓት ቆጣሪ ይሻላል። ደህና ሆነው ሳሉም ይለማመዱ። ጭንቀቱ እንቅልፍ ከነሳዎት ወይም ታክሲ መሳፈር ካስፈራዎት አፕ ብቻውን አይበቃም፤ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ፣ ሰው አስከትለው።