ጋይሮፕሌን ወይስ ፕሌን? ጠይቁኝ

ጋይሮፕሌን (ባጭሩ ጋይሮ) በክንፍ ፈንታ ላዩ ላይ በሚሽከረከሩ ረጃጅም ምላጮች፣ ማለትም በሮተር፣ አየር ላይ የሚቆይ በራሪ ነው። ፕሌን የምለው ባለክንፉን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋ ላይ ያለው ሮተር አብሮ አይቆምም?

መልስ፦ አይቆምም። በበረራ ላይ የሚያዞረው ሞተሩ አይደለማ! ሞተሩ ፕሮፔለሩን ነው የሚያሽከረክረው። ሮተሩን የሚያዞረው ከታች ወደ ላይ የሚያልፍበት አየር ነው፤ እየወረድክም ያው አየር አለ። ግን ሩቅ አይወስድህም። ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ሦስት ወይ አራት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ፕሌን ከዚያ እጥፍ በላይ ይንሳፈፋል። በምትኩ ጋይሮ ለማረፍ ጥቂት ሜትር ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ስቶል አያደርግም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ስቶል ማለት ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ማጣቱ ነው። ጋይሮ እንደ ፕሌን አያደርግም። ስፔናዊው ሁዋን ዴ ላ ሲየርቫም የተነሳው ከዚሁ ነው፤ የነደፈው ባለሦስት ሞተር ፕሌን እ.ኤ.አ. በ1919 ስቶል አድርጎ ወደቀ። በ1923 ጋይሮውን አበረረ። (በ1936 ራሱ የሞተው በተሳፋሪ ፕሌን መሆኑ ይገርመኛል።) ስቶል አያደርግም ማለት ግን አይወድቅም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ የፕሌን ፈቃድ አለኝ። አሰልጣኝ የግድ ነው?

መልስ፦ የምፈራው አንተን ነው። ከዜሮ የሚጀምር ሰው አያስፈራኝም። ፍጥነት የቀነሰ ሲመስልህ እጅህ ሳታስበው ስቲኩን (መሪውን ዘንግ) ወደ ፊት ይገፋል። ፕሌን ላይ ያ ያድንሃል። ጋይሮ ላይ ግን ገፍተህ ወንበሩ ላይ ቅልል ካለህ ሮተሩም ጭነቱን አራግፏል ማለት ነው። ጭነት የሌለው ሮተር ዙሩ ይወርዳል። ፕሮፔለሩ ደግሞ ከኋላ መግፋቱን አልተወም። የግፊቱ መስመር ከክብደቱ ማዕከል በላይ ካለፈ አፍንጫውን ይደፋዋል፣ ሮተሩ ጭራውን ይመታል፣ አለቀ። ቅልል ሲልህ ነዳጅ ቀንስ፣ ስቲኩን በቀስታ ወደ ኋላ። ስትገዛም ጥሩ አግድም ጭራ ያለውን ግዛ።

ሌላው ደግሞ መነሻው ላይ ነው። ሮተሩ በቂ ዙር ሳይዝ ነዳጁን ትለቀዋለህ። ወደ ኋላ የሚሄደው ምላጭ ስቶል ያደርጋል፣ ስቲኩ እጅህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ በጎንህ ተገልብጠሃል። ሲንቀጠቀጥ ነዳጁን ዝጋ፣ ስቲክ ወደ ፊት። አዎ፣ እዚህ ወደ ፊት! መሬት ላይ ስለሆንክ። አየር ላይ አትግፋ።

ሌላ አባል፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ሄሊኮፕተር አይሻልም? ቢያንስ ባለበት ይቆማል።

ሌላ አባል፦ ጥገናውን አንተ ትከፍላለህ? ማርሽ ሳጥኑን ብቻ አስበው እስኪ።

የመጀመሪያው አባል፦ እየተነጋገርን ያለነው ስለ ደህንነት ነው!

መልስ፦ ሄሊኮፕተር ሌላ ቀን። በነገራችን ላይ እሱም ላይ ቅልል ሲልህ ስቲክ መግፋት ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱስ?

መልስ፦ ቀርፋፋ ነው። 100 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ጋይሮ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በዚያው ሞተር ጥሩ ፕሌን 200 ይነካል። ነፋሻ ቀን ላይ ግን ፕሌኑ ሲንገጫገጭ ጋይሮው ምንም አይመስለው።

ጥያቄ፦ በአጭሩ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ሥራ?

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ሞተሩ ቢጠፋስ?

መልስ፦ ከላይ ጀምረህ አንብብ።