ቶረንት ሲከፈት «ዲስክ ኦቨርሎድድ 100%» ለሚልህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቶረንት ስትከፍት ፍጥነቱ ጥሩ ይጀምርና ትንሽ ቆይቶ ከታች «ዲስክ ኦቨርሎድድ 100%» ይልሃል። ማውረዱ ይቆማል፣ ኮምፒውተሩም ይደነዝዛል። ራምህ 8 ጊጋ ነው። «አዲስ ሃርድ ዲስክ ልግዛ ወይ?» ብለሃል። ቆይ፣ ገና አትግዛ።

እኔ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቄ ውስጥ ያለችው አሮጌ ማሽን ኡቡንቱንና ሌሎች የሊኑክስ ፋይሎችን ስታወርድና ስታጋራ ነው የምትውለው። ድሮ የዲስኳ ድምፅ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ሳይቀር ይረብሸው ነበር። «ዛሬም ቆሎ እየቆረጠመች ነው?» ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶረንት ፋይሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ አያመጣም። 16 ኪሎባይት፣ 16 ኪሎባይት እየቆራረሰ፣ ከብዙ ሰው፣ ከፋይሉ መሀልም ከዳሩም ያመጣል። በሰከንድ 4 ሜጋባይት ከገባልህ 256 ቁራሽ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ወዲያ ወዲህ እየዘለለ በሰከንድ መቶ ቦታ ገደማ ቢደርስ ነው። ልጅን አንዴ ለጨው፣ አንዴ ለክብሪት፣ አንዴ ለሳሙና ሱቅ መላክ በለው። ካሽ (ብሩን አላልኩም) ቁራሾቹን ራም ላይ ያጠራቅምና ባንዴ ይጽፋቸዋል። ልጁ አንዴ ሄዶ ሁሉንም ይዞ ይመጣል።

ዩቶረንት (የቶረንት ማውረጃው ፕሮግራም) ላይ ኦፕሽንስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ አድቫንስድ፣ ከሥሩ ዲስክ ካሽ ግባ። «ኦቨርራይድ» ብሎ የሚጀምረው ላይ ምልክት አድርግና 512 ጻፍ። ሜጋባይት ነው። ላንተ ራም ይበቃል።

ከዚያ በላይ አትስገብገብ። እኔ ተስገብግቤ አይቼዋለሁ። 4 ጊጋ ራም ባላት ማሽን ላይ 1800 ሰጠኋት። ክሮም ሲጨመርበት ራሙ አለቀ፣ ዊንዶውስም ትርፉን ዲስክ ላይ መገልበጥ ጀመረ። ዲስኩን ላሳርፍ ብዬ ባሰበት። አይጧ እንኳን ለመንቀሳቀስ ታስባለች።

መብራት ከጠፋ ካሽ ውስጥ ያለው አብሮ ይጠፋል። እኛ ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም። ግን ቶረንት እያንዳንዱን ፒስ (የብዙ ቁራሾች ጥቅል) በሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ በሚሰላ መለያ ቁጥር፣ ስለሚያረጋግጥ የተበላሸ ፋይል አይተውልህም፤ የጎደለውን እንደገና ያወርዳል። የሚባክነው የኢንተርኔት ዳታህ ነው። ስለዚህ እዚያው ገጽ ላይ በየ2 ደቂቃው ወደ ዲስክ የሚጽፈውን ምርጫ አታጥፋው።

ስታጋራ ግን ከካሽ ብዙ አትጠብቅ። አንዱ ሰው ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ ስለሚጠይቅ ራም ላይ የተያዘው ደግሞ ላይፈለግ ይችላል። እዚያ የሚረዳህ ባንዴ የሚሠሩትን ቶረንቶች ወደ ሁለት ሦስት ዝቅ ማድረግ ነው።

በዩቶረንት ፈንታ ኪውቢትቶረንት የሚባለውን ፕሮግራም የምትጠቀም ከሆነ ስሪቱን እይ። በሊብቶረንት (ከውስጥ ሆኖ ማውረዱን የሚሠራለት ሞተር) 2.0 የተሠራው ላይ የካሽ መጠን መወሰን አይሠራም፣ ነገሩን ለዊንዶውስ ትቶታል። በ1.2 የተሠራው ላይ ይሠራል።

ይህን ሁሉ አድርገህም 100% ካለህ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ጫንና የዲስኩን ጤና እይ። ቢጫ ካሳየህ ፋይሎችህን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጥ። ያኔ ዲስክ መግዛትህ አይቀርም።