የአባቴ ላፕቶፕ «161» ብላ ቆመች፤ መለዋወጫ የት አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። በ1991 ዓ.ም. የገዛት አይ ቢ ኤም ቲንክፓድ 600 ላፕቶፕ ነበረችው፤ የዕድሩን ቃለ ጉባኤም፣ የሰፈራችንን ታሪክም የጻፈው በሷ ነው። ሰሞኑን ከቁም ሳጥን አውጥተን ስንከፍታት 161 እና 163 የሚሉ ቁጥሮች ጽፋ ቆመች። ባትሪዋም አይሞላም። አንድ ጠጋኝ ዘንድ ብወስዳት «ማዘርቦርዷ ሞቷል፣ ዕቃዋም አይገኝም» አለኝ። እናቴ ደግሞ ለቆራሌው እንዳትሰጡብኝ ብላ እያለቀሰች ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ማዘርቦርዱ የሞተ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ ቁጥር ሊጽፍልሽ አይችልም። 161 ማለት ቀንና ሰዓት የምትይዘው ትንሿ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። 163 ደግሞ በዚሁ ምክንያት ቀኑና ሰዓቱ ጠፍቷል ማለት ነው። ሌላ ችግር ከሌለባት ቀኑንና ሰዓቱን ሞልተሽላት ትነሳለች፣ ስታጠፊያት ግን መልሳ ትረሳዋለች።

ትንሿ ባትሪ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ናት፣ የሚለያት ሽቦና መሰኪያ ያላት መሆኑ ብቻ ነው። አሮጌዋን አስወጥተሽ ይዘሻት ሂጂ፤ ጠጋኙ ሽቦውን ቆርጦ በአዲስ ባትሪ ላይ ይቀጥልልሻል። አደራ፣ ክቧ ባትሪ ላይ በቀጥታ በእስታኞ እንዲበይድ አትፍቀጂለት፣ ሙቀት ሲነካት ልትፈነዳ ትችላለች። ሁለት የብረት ጆሮ ተጣብቆላት የሚሸጥ አለ፣ እሱን ይጠቀም። ትልቁን ባትሪ ለጊዜው እርሺው። ይቺ ማሽን ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ትሠራለች።

አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የምትፈልጊው ማሽኗን ነው ወይስ የአባትሽን ጽሑፍ? ሁለቱንም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይለያያል። አንድም መለዋወጫ ሳትገዢ፣ ደጋግመሽም ሳትከፍቻት፣ ሃርድ ዲስኩን አስወጪ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የቆየ ዲስክ ነው፣ ስንት ጊዜ እንደሚነሳልሽ አይታወቅም። ዲስኩ 44 ቀጫጭን መርፌዎች ያሉት አይ ዲ ኢ የሚባለው ዓይነት ነው። የዛሬዎቹ ሳታ ዲስኮች ማገናኛ አይገጥምለትም፣ ስለዚህ ስትጠይቂ «የላፕቶፕ አይ ዲ ኢ ወደ ዩ ኤስ ቢ» በይ። ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ንቀዪውና ዳታ ማውጣት ለሚችል ሰው ስጪ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው ወይ» ብሎ ከጠየቀሽ በፍጹም እሺ እንዳትዪ።

ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ እኔንም በጣም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን አንድ ዓይነት በሚያነቡበት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ ስለዚህ የአባትሽን ፋይል በዛሬ ኮምፒውተር ስትከፍቺው ፊደሉ ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሊመጣብሽ ይችላል። እንዳትደነግጪ፣ ጽሑፉ አልተበላሸም፣ የጎደለው ፎንቱ ነው። ጽሑፎቹን ብቻ ቀድተሽ ዲስኩን ከጣልሽ ግን ያንን ፎንት ከየት ታመጪዋለሽ? መለዋወጫ ከተባለ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ዊንዶውስ ከሚለው ፎልደር ውስጥ ፎንትስ የሚለውን፣ አባትሽ ይጽፍበት የነበረውን ፕሮግራምም ጭምር፣ ሁሉንም እንዳለ ቅጂ። ሁለት ቦታ አስቀምጪው።

ይህን ከጨረስሽ በኋላ ስለ ዕቃው በረጋ መንፈስ እናስብ። «የቲንክፓድ ኪቦርድ አለ?» እያልሽ ብትዞሪ ቀኑ ይመሻል። ዕቃው ላይ ኤፍ አር ዩ የሚል ስቲከር አለ፣ ቀጥሎ ያለውን የቁጥርና የፊደል ድብልቅ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የሚፈለገው በእሱ ነው። አይ ቢ ኤም ለጠጋኞች ያዘጋጀው መመሪያም አለ፤ የትኛው ብሎን ከየት እንደሚፈታ በሥዕል ስለሚያሳይ ከኢንተርኔት አውርደሽ ለጠጋኙ አሳዪው። እኔ ብሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ ዕቃ ብቻ ከመፈለግ ይልቅ ሙሉውን የተበላሸ ተመሳሳይ ላፕቶፕ እፈልጋለሁ፤ ስክሪኑ፣ ማጠፊያው፣ ኪቦርዱ፣ ብሎኑ ሳይቀር አንድ ላይ ይገኛል። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው ጠጋኞች ቦታ ስለቀየሩ የት ሂጂ እንደምልሽ ይቸግረኛል፣ ግን ጠጋኝ ጠጋኝን ያውቃልና አንዱን ስታገኚ ሌላውን ጠይቂው።

ትልቁን ባትሪ በኋላ ካስፈለገሽ በፖስታ አታስልኪ፣ ለብቻው የሆነ ሊቲየም ባትሪ በዓለም አቀፍ ፖስታ አይፈቀድም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ግን በእጅ ሻንጣው ይዞልሽ ይመጣል። የባትሪው ጉልበት ከ100 ዋት ሰዓት (Wh) ካልበለጠ አየር መንገዶች ይፈቅዳሉ፣ ወደ ጭነት የሚገባው ሻንጣ ውስጥ ግን አይሆንም። ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍናቸው።

ጥያቄ፦ የ1990ዎቹ ቶሺባ አለኝ፣ 15 ቮልት ይላል። ቻርጀሩ ጠፍቶብኝ ባለ 19 ቮልት ሰጡኝ፣ ሶኬቱም ይገባል። ልሰካው? (ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ አትሰካው ወንድሜ። መግባቱ መግጠሙ አይደለም። ቮልቱ ከላፕቶፑ ሥር ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለውም፣ ካነሰ ግን ቻርጀሩ ይግላል። በክብ የተሳሉትን የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችም አስተያያቸው። ባለ 15 ቮልት እስክታገኝ ድረስ ላፕቶፑን እንዳለ አቆየው።