የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለቤት ውስጥ ተክል የትኛው መብራት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። በረንዳ ላይ ያሳደግኋቸውን አራት የቃሪያ እግሮች፣ ጤና አዳምና በሶብላ ውርጭ ሳይመታቸው ቤዝመንት አስገብቻለሁ። መደርደሪያዬ 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ወዳጄ ባለ 400 ዋት የሶዲየም መብራት ከነባላስቱ (ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከሚመጥነው ዕቃ ጋር) በነፃ ሊሰጠኝ ነው። ልውሰድ ወይስ ኤልኢዲ ልግዛ?

መልስ፦ ኤልኢዲ ይግዙ። የሶዲየሙን ዋጋ የሚከፍሉት በየወሩ በመብራት ሂሳብ ነው። አምፖሉ 400 ዋት ቢባልም የባላስቱ ሲጨመር ወደ 450 ዋት ይስባል፤ በቀን 16 ሰዓት ሲበራ በ30 ቀን 216 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ለመደርደሪያዎ የሚበቃው ጥሩ ኤልኢዲ ግን 100 ዋት ገደማ ስለሆነ በዚያው ጊዜ የሚቆጥረው 48 ብቻ ነው። ሌላም ችግር አለ። የሶዲየም ብርሃን ብርቱካንማ ነው፤ ሰማያዊው እጅግ ጥቂት በመሆኑ የቃሪያው አንጓዎች እየተራራቁ ግንዱ ይመዘዛል። አምፖሉም በጣም ስለሚግል ከቅጠሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር መራቅ አለበት፤ መደርደሪያ ላይ ይህን ያህል ቁመት ከየት ይመጣል?

ሲገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን “የ1000 ዋት ምትክ” አይመኑ። የሚያዩት ሁለት ቁጥር ነው፤ ከሶኬት በእርግጥ የሚስበውን ዋትና በአንድ ጁል (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ) ስንት ማይክሮሞል (ለተክል የሚሆን ብርሃን መለኪያ) እንደሚሰጥ። ሁለተኛው ቁጥር 2.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። ይህን ቁጥር የማይገልጽ ዕቃ ቢተዉት እንመክራለን።

መብራቱን በመጀመሪያ ከጫፍ ቅጠሎቹ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉ፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 30 ያውርዱት። የላይኞቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው ወደ ላይ ከተጠቀለለ ወይም ከነጡ ቀርቧልና መልሰው ከፍ ያድርጉት። ቃሪያውን ብርሃኑ በሚበረታበት መሐል፣ ጤና አዳሙን ዳር ያኑሩ። ማብራትና ማጥፋቱን ለሰዓት መቆጣጠሪያ ሶኬት ይተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ሶዲየም ቅጠሉንም አፈሩንም ያሞቃል፤ በኤልኢዲ ሥር ግን አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። በልማድ በየቀኑ ካጠጡ ሥሩ ይበሰብሳል። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማዎት አያጠጡ። ቤት ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ደግሞ ቃሪያው ሲያብብ ግንዱን በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ የአበባው ዱቄት ካልረገፈ አበባው ፍሬ ሳይዝ ሊወድቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለተክል የሚሆነው ሐምራዊ ኤልኢዲ ብቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አብዛኛው ነጭ ኤልኢዲ ራሱ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ሆኖ ቢጫማ ቅብ የተደረገለት ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊውም ቀዩም አረንጓዴውም አለው። ተክል አረንጓዴውንም ይጠቀምበታል፤ እንዲያውም ወደ ታችኞቹ ቅጠሎች ዘልቆ ይገባል። ሐምራዊውን የማንወድበት ዋናው ምክንያት ግን ቅጠሉን ሁሉ ጥቁር አስመስሎ በሽታ መደበቁ ነው። ቢጫ መሆን የጀመረ ቅጠል ወይም ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የተወው ነጠብጣብ በነጭ ብርሃን ወዲያው ይታያል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቲማቲም ችግኝ አፍልቼ 100 ዋት ቢጫ አምፖል በላዩ አድርጌለታለሁ። ችግኙ ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል፤ ለአምፖሉ የቀረበው ቅጠል ደግሞ ደረቀ።

መልስ፦ ክር ያለው አምፖል ከሚስበው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን የሚያወጣው በሙቀት መልክ ነው። ሲቀርብ ያቃጥላል፣ ሲርቅ ብርሃኑ አይበቃም፤ መሐል ላይ የሚስማማ ርቀት የለውም። በረንዳዎ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ምንም አምፖል አይግዙ። አዲስ አበባ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ችግኙን በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ከፀሐዩ ጋር ያለማምዱት።

በረንዳ ከሌለ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የተጻፈባቸው ሁለት ባለ 15 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አምፖሎች ለአንድ ሳፋ ችግኝ ይበቃሉ። ከቅጠሉ 15 ሳንቲ ሜትር አርቀው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያብሩ። መብራት ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ችግኙን አይጎዳውም። የተመዘዘውን ችግኝ አይጣሉት፤ ሲያዛውሩ ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ይቅበሩት፤ ቲማቲም ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል። አምፖሉ ከአሜሪካ የተላከ ከሆነ ጽሑፉን ይዩ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚለው በእኛ 220 ይቃጠላል፣ ከ100 እስከ 240 የሚለው ግን ይሠራል።