ከጓደኞች ጋር አውሮፓን በቦርሳ መዞር፦ ጥያቄና መልስ

የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት ሲቃረብ ስለ ጉዞ የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። ዕረፍቴን ከጓደኞቼ ጋር በባቡርና በአውቶቡስ እየዞርኩ ነው የማሳልፈው። ስለዚህ የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን እነሆ። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ ከተማ አታብዙ። በ10 ቀን 7 ከተማ ያቀደ ሰው ገንዘቡም ጉልበቱም መንገድ ላይ ያልቃል። ለ10 ቀን 3 ከተማ፣ ግፋ ቢል 4 ይበቃል።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን ስዊድን፣ አንዱ ጣሊያን፣ አንዷ ጀርመን እንኖራለን። ሁላችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ አለን። ኢንተርሬይል (በአንድ ግዢ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ባቡር የሚያሳፍረውን ትኬት) መግዛት እንችላለን ወይስ ለአውሮፓ ዜጎች ብቻ ነው?

መልስ፦ ትችላላችሁ። የሚታየው የምትኖሩበት አገር ነው፣ ዜግነታችሁ አይደለም። ዕድሜያችሁ 27 እና ከዚያ በታች ከሆነ የወጣቶች ቅናሽም አለ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳብ ሥሩ። የፈረንሳይ ቴጄቬ፣ የጣሊያንና የስፔን ፈጣን ባቡሮች ኢንተርሬይል ቢኖራችሁም የመቀመጫ ማስያዣ ለብቻው ያስከፍላሉ። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በቤልጂየምና በኔዘርላንድስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ መሳፈር ይቻላል። ሦስት አራት ከተማ ብቻ ከሆነ የምታዩት፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የተገዛ ነጠላ ትኬት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ኢንተርሬይል የሚያዋጣው ረጅም መንገድ ለሚሄድና ‹‹ነገ የት እንደምንሆን ዛሬ ማታ እንወስናለን›› ለሚል ቡድን ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቡድን የምመክረው ፕራግ፣ ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስት ነው። ከፕራግ ቪየና በባቡር 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከቪየና ብራቲስላቫ 1 ሰዓት፣ ከቪየና ቡዳፔስት ደግሞ ሦስት ሰዓት አይሞላም። በዚህ መስመር ላይ ሬጂዮጄትና ፍሊክስባስ የሚባሉት የባቡርና የአውቶቡስ ድርጅቶች ስለሚወዳደሩ ዋጋው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምመጣው። ጓደኞቼ ፓሪስ ናቸው። የፈረንሳይ ቪዛ ካገኘሁ አብሬያቸው ሌላ አገር መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ የሚዞርባቸው የአውሮፓ አገሮች ቪዛ) እስከሆነ ድረስ አዎ። አሁን የሸንገን አገሮች 29 ናቸው። ቡልጋሪያና ሮማኒያም በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። ግን ማመልከቻህን ብዙ ቀን ለምትቆይበት አገር አስገባ። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገባበት። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ በጊዜ ግባበት።

ይህን ደግሞ አደራ፦ ቪዛህ ላይ የመግቢያው ቁጥር 1 ከሆነ፣ ከሸንገን አንዴ ከወጣህ መመለስ አትችልም። ጓደኞችህ ‹‹ቤልግሬድን አይተን እንምጣ›› ቢሉህ እሺ እንዳትል። ሰርቢያ ሸንገን አይደለችም። ለንደንና ደብሊንም እንደዚያው፤ እነሱ የራሳቸውን ቪዛ ይጠይቃሉ።

ለጓደኞችህ ቋንጣና ቅቤ ይዘህ ልትመጣ ካሰብክም ተወው። ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬና ሽሮ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው። ከሦስት ሴት ጓደኞቿ ጋር ልትዞር ተነሥታለች። ሆስቴል ከማያውቁት ሰው ጋር ነው የሚተኛው ሲሉኝ ልቤ ፈራ።

መልስ፦ እናቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሆስቴል ላይ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ይተኛል፣ እውነት ነው። ግን ብዙዎቹ ለሴቶች ብቻ የሚሆን ክፍል አላቸው። ከዚያም የተሻለ አለ፤ አራት ስለሆኑ ባለ 4 አልጋ ክፍል ለብቻቸው ይያዙ። ዋጋው ለየብቻ ከሚከፍሉት ብዙም አይለይም፣ በሩንም ቆልፈው ይተኛሉ። ለዕቃ ማስቀመጫው ሎከር የሚሆን ጓጉንቸር ከቤት ይግዙላት፤ እዚያ ሲገዛ ይወደዳል። ከጣቢያ ወደ ሆስቴል የሚገቡበት ሰዓት ከመምሸቱ በፊት ይሁን። በመላው የአውሮፓ ኅብረት የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው፤ በቃሏ ትያዘው። ማታ ማታ ‹‹ደርሰናል›› የምትል አንዲት መልእክት እንድትልክልዎም ይስማሙ። ለእርስዎም ዕረፍት ነው፣ ለሷም አይከብዳትም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር ሄደን በገንዘብ ተቀያይመን ተመለስን። አንዱ ሁሌ ‹‹እኔ ልክፈል›› ይላል፣ በኋላ ያኮርፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ከቪዛም ከትኬትም በላይ የጓደኛ ጉዞ የሚያበላሸው ይሄ ነውና። እኛ አበሾች ሂሳብ ላይ ይሉኝታ ይይዘናል። ቢሉ ሲመጣ ‹‹ሙት፣ አትከፍልም!›› ብለን እንታገላለን። ለአንድ ማኪያቶ ደስ ይላል። ለሁለት ሳምንት ጉዞ ግን አይሆንም። የሁሉም ኪስ እኩል አይደለም። አንዷ ተማሪ ናት፣ አንዱ በየወሩ ለቤተሰብ ይልካል። ያ ሰው ‹‹ይሄ ይከብደኛል›› ለማለት ያፍራል። ዝም ይላል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ ይከፋዋል።

ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት በስልክ ተሰብሰቡና እያንዳንዱ ‹‹ከዚህ በላይ አልችልም›› የሚለውን ቁጥር በግልጽ ይናገር። ዕቅዱ በትንሹ ቁጥር ይሠራ። ብዙ ያለው ሰው በዚህ ከተከፋ፣ ለዚህ ጉዞ የሚሆን ሰው አይደለም ባይ ነኝ።

ከዚያ መዋጮ። እያንዳንዱ እኩል ያስገባል፣ አንድ ሰው ይይዛል። የሱፐርማርኬት ዕቃ፣ የከተማ ትራንስፖርት፣ ብዙ ከተሞች በአዳር የሚጠይቁት የቱሪስት ግብር ከዚያ ይከፈላል። የግል መጠጥ፣ ስጦታና ልብስ ከየኪስ። ሲያልቅ እንደገና ይዋጣል። ወጪውን ማታ ማታ ስፕሊትዋይዝ በሚባለው የስልክ መተግበሪያ ላይ መዝግቡት፤ ማን ምን እንደከፈለ ሁሉም ስለሚያየው ለኩርፊያ ቦታ አይኖርም። መለያየትንም ፍቀዱ። አንዱ ሙዚየም ሲገባ ሌላው ፓርክ ተቀምጦ ቢጠብቅ ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ይበቃል?

መልስ፦ በእኔ ግምት አልጋና ምግብን ጨምሮ ፕራግና ቡዳፔስት 50 ዩሮ ገደማ፣ ፓሪስና አምስተርዳም 90 ዩሮ ገደማ ያዙ። ቼክ በኮሩና፣ ሃንጋሪ በፎሪንት ነው የሚገበያዩት። ካርድ ስታስገቡ ማሽኑ ‹‹በዩሮ ልቁረጥ?›› ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉ፣ ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። በዩሮ ካላችሁት ምንዛሪውን በራሱ ዋጋ ነው የሚሠራባችሁ።

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ ነው የምንሄደው፣ ፍልሰታን እንጾማለን። ምን እንበላለን?

መልስ፦ ከሚመስላችሁ በላይ ይቀላል። ፈላፈል በሁሉም ከተማ አለ። ሊድልና አልዲ የሚባሉት ሱፐርማርኬቶች ገብታችሁ ዳቦ፣ ሁሙስ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ ግዙ። ኩሽና ያለው ሆስቴል ምረጡና ምስር ወይም ፓስታ በቲማቲም ሥሩ፤ በርበሬ በትንሽ ዕቃ ያዙ። ከሁሉም በላይ በሶ አትርሱ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ባቡር ላይ በውኃና በስኳር በጥብጦ መጠጣት ነው። ሚላን ካለፋችሁ ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር ውረዱ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረው ታገኛላችሁ፣ በያይነቱም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ሮም ሁለት ቀን አለን፣ ገንዘቡ ግን አልቋል። በነፃ ምን እንይ?

መልስ፦ ሮም ለእኛ ከማንም በላይ የምታወራ ከተማ ናት። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ ‹‹የአምስት መቶዎቹ አደባባይ›› ይባላል። አምስት መቶዎቹ በፈረንጆቹ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ጥቂት እርምጃ ሄድ ብትሉ መታሰቢያቸውን ታያላችሁ። ከግብፅ የመጣ ቀጭን ሐውልት ነው፣ ግርጌው ላይ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። በዚያ የሚያልፈው ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ ቀና ብሎም አያየውም።

ከዚያ በእግር ወደ ፖርታ ካፔና ሂዱ። በፈረንጆቹ 2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልት የሮም ዘመኑን የኖረው እዚያ ነው። አበበ ቢቂላ በፈረንጆቹ 1960 የኦሎምፒክ ማራቶን፣ በባዶ እግሩ፣ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው በዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት፣ ማለትም እስከ ማራቶኑ መጨረሻ መስመር፣ በእግር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ሄዳችሁ እዩት፤ አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በነፃ ነው፣ ሰልፉ ብቻ ነው የሚረዝመው፤ ጠዋት በጊዜ ድረሱ። የፈረንጆቹ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ኮሎሲየምን ጨምሮ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ይከፈታሉ። ውኃ አትግዙ። መንገድ ዳር ያሉት የብረት ቧንቧዎች የሚጠጣ ውኃ ነው የሚያፈሱት። አፉን በጣታችሁ ብትደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈነጥቃል፣ ሳታጎነብሱ ትጠጣላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ከዲሲ ነኝ፣ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። ቪዛ ያስፈልገኛል? ኢንተርሬይልስ መግዛት እችላለሁ?

መልስ፦ ላንቺ ቪዛ አያስፈልግም፤ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ። የምትኖሪው ከአውሮፓ ውጭ ስለሆነ ኢንተርሬይል ሳይሆን ዩሬይል ነው የምትገዢው። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ጥያቄ፦ በ15 ዩሮ የአውሮፕላን ትኬት አገኘን። እንግዛ?

መልስ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ አየር ማረፊያው የት ነው? ‹‹ፓሪስ ቦቬ›› የሚባለው ከፓሪስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ የአውቶቡሱ ዋጋ ይጨመርበታል። ሁለተኛ፣ በነፃ የሚፈቀደው ቦርሳ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ትልቁን የጉዞ ቦርሳ ይዞ በር ላይ መድረስ ከትኬቱ በላይ ያስከፍላል። ሦስተኛ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ዕቃ ባያስረክብም ወደ ፍተሻ ከማለፉ በፊት ሰነዱን በአየር መንገዱ ጠረጴዛ ማሳየት ሊኖርበት ይችላል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው ያለሁት፣ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም። ጓደኞቼ ፓሪስ እንሂድ ብለውኛል። ድንበር ላይ ማንም አያይም ይላሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትሂድ። የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ወደ ሌላ አገር አያሻግርም። ጀርመን ከፈረንጆቹ መስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች፤ ፖሊስ ባቡር ላይም አውቶቡስ ላይም ይወጣል። ስንት ጊዜ የጠበቅከውን ጉዳይ ለሦስት ቀን ሽርሽር አታበላሽ። ጀርመን ውስጥ መዘዋወር ከተፈቀደልህ ጓደኞችህ ወደ አንተ ይምጡ። ፈቃድህ የት ድረስ እንደሆነ ወረቀትህ ላይ ተጽፏል፤ ግር ካለህ የውጭ ዜጎች ቢሮን ጠይቅ። የዶይችላንድ ትኬት በፈረንጆቹ 2026 በወር 63 ዩሮ ነው። ፈጣኖቹን ባቡሮች ሳይጨምር በመላው ጀርመን በአካባቢ ባቡር፣ በሜትሮና በአውቶቡስ ያንቀሳቅስሃል። ሃምቡርግ ወደቡን፣ ድሬስደንን፣ የራይንን ሸለቆ በዚህ ማየት ትችላለህ። በየወሩ የሚታደስ ውል ስለሆነ ወሩ 10 ከመሆኑ በፊት ማቋረጥህን አትርሳ፤ አለዚያ የሚቀጥለውንም ወር ይቆርጥብሃል።